ማረፍ

ማክሰኞ ምሽት፥ ቅርያት ጋት፣
ከመጋዘን ወጥቼ ባንድ ሰዓት፣
የሥራ ቱታዬን እንኳ ሳላወልቅ
ጎማ በሚሸት አዳራሽ ጥግ ተቀመጥሁ፥ ልጄ እስክትለቀቅ።

«መረብ ኳስ ተጫዋች ናት» ብዬ ነበር ለሰው የማወራ፤
ለካ ሦስት ወር ሙሉ ኳስ አልነካችም፤
ከሳጥን መውረድ ብቻ ነው የሊኖይ ሥራ።

ሳጥኑ ከጉልበት አይበልጥም፤ ሕፃን ልጅ ይዘለዋል፤
ጌናዲ ግን፥ አሠልጣኟ፥ ተንበርክኮ ይጠብቃል፤
እግሯ ወለል ሲነካ በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ያያል።
«ጮኸ» ይላል። «ለጮኸው ሁሉ አጥንት ይከፍላል።
ኦድ ፓዓም።»
እንደገና ትወጣለች። እንደገና ትወርዳለች።
ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣
ማጠፊያው እንደላላ በር።

ያው ጉልበት ነው፥ አምና ሐደራ ላይ ጅማቱ የተበጠሰ፤
ኳሷን መትታ ስትወርድ።
ነጥቡ ተቆጠረ።
እኔ ቆሜ አጨበጨብሁ፤ እሷ ወድቃ ሳለች እጄ አላረፈም፤
ወደ ላይ የሚያይ ሰው የወረደውን አያይም።

እኛንስ ያመጣን ጉዞ ስሙ ዐሊያ፥ መውጣት፥ አይደል?
ካውሮፕላኑ ደረጃ እንዴት እንደሚወረድ ያሳየን ግን ማን ነበር?
ጉልበታችንን ቆልፈን ዱብ አልን፤
ይኸው እስከ ዛሬ ወገባችን ያወራል።
በኛ ቋንቋ «አረፈ» ከተባለ ድንኳን ይተከላል፤
ይህ ሩስያዊ፥ በተሰባበረ ዕብራይስጡ፣
ሳይሞቱ ማረፍን ያስተምራል።

«ዳሌ ወደ ኋላ። ጉልበትሽ ከጣትሽ መስመር አይውጣ።
ለአት፥ ለአት።»
ቀስ፥ ቀስ።
እቆጥር ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው
ምንም አልሰማሁም።
ጌናዲም ምንም አላለ፤
ሳጥኑን ብቻ በአንድ ጣውላ ከፍ አደረገው።

ረቡዕ ንጋት፥ መጋዘን፤ አሥራ ስምንት ኪሎ ካርቶን።
እንደ ልማዴ ጀርባዬን ላጎብጥ ስል ተውሁት፤
ዳሌዬን ወደ ኋላ ላክሁ፥ ጉልበቴን ከፈት፣
ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ እንደተኛ ልጅ አኖርሁት።
ኃላፊው ሰዓቱን አሳየኝ፦ «ምን ሆነሃል፥ አበጀ? ፍጠን!»

«እያረፍሁ ነው» አልሁት፤
በአማርኛ፥ እንዳይገባው።