ሎሚው በዝቷል

አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አልችልበት፤
ደረቷን ሰንጥቄ፣
ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ ማር አፈሰስኩበት።
ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ፣ ሚጥሚጣ ቆንጥሬ፣
የሐርቡ ሎሚ ጨምቄ፣ ከጠዋት ጀምሬ
ቂሜን እንዳሸሁት አሸኋት ደጋግሬ።

ሩቅያ በሩን ወርውራ ነው ፈረቃ የገባች፤
ያጣላን ኪራይ ነው።
ኪራዩ ሳይከፈል ዶሮ ተገዛች!

ኮምቦልቻ ማታም አይበርድ። በረንዳው ላይ ከሰል፤
ማሩ ጠብ ሲል ፍሙ ትሽ ይላል፣
እገለብጣታለሁ ጎኗ ሳይከስል።
የጎረቤት ልጅ፣ አንዋር፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣
«ዶሮ ያለ ወጥ?» አለ፣ አየኝ እንደ እንግዳ።

አራት ሰዓት መጣች። ጥጥ አለ ፀጉሯ ላይ።
ክንፍ ገነጠለች፣ እኔን ሳታይ።
«ሎሚው በዝቷል» አለች፣
ጣቷን እየላሰች።
ሁለተኛውን ክንፍ ወደ'ኔ ገፋች።