«ጎበዜ! አንድ ሰው የቀረ!»

ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ፣
ማኅተሙን አይቼ ብሩሼ ታወሰኝ።
«ጎበዜ ጎዳና» የሚለው ታፔላ
ባሥር ቀን ውስጥ ወርዶ ይተካ በሌላ።
የጻፍኩትም እኔ፣ የማጠፋው እኔ፤
አንድ እጅ ነው ያለኝ ለስምም ለኩነኔ።

ጎበዜን የማያውቅ ኮምቦልቻ የለም፣
በዱቄቱ ቢሉ፣ በመኪናው ቢሉም።
ቦርከና ቡድናችን ማሊያ ሲዋስ ኖሮ፣
ሽንፈት ሲለቅም ኖሮ ሐይቅና ደሴ ዞሮ፣
እሱ ነው ያነሣው፣ ጫማ የገዛለት፣
በክረምት በበጋ አውቶቡስ ያቆመለት።
ሊግ የገባን ለታ፣ ያን ቅዳሜ ማታ፣
ወንዙም የሞላ መሰለኝ በሆታ።
ሰው ያለቅስ ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ፤
ዛሬ ምን ነበር ያ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ምክር ቤቱም ወዲያው መንገዱን ሰየመ፤
ጎበዜ በማግሥቱ ደጃፌ ላይ ቆመ።
«ከሩቅ ይነበብ» አለኝ፤ ቀለም ራሱ አመጣ፣
የመርከብ ቀለም ነው፣ ፀሐይ የማይቀጣ።
ሒሳቤን ሰጠኝ ቆጥሮ፣ ሳይጎድል ምንም፤
ይህን በጣሂር ፊት አፌን ሞልቼ አልልም።

ጣሂር።
ከባቲ የመጣው ረጅሙ በረኛ፣
እጁ ወጥመድ ነበር፣ ኳስ የሱ እስረኛ።
ስምንት ወር ተጫወተ ያላንድ ወር ደሞዝ፣
«ነገ» ሲባል፣ ነገ እንደ ክር ሲመዘዝ።
ጉልበቱ ሲሰበር በመልሱ ጨዋታ
ጎበዜ ሆስፒታል ብቅ አላለም ላፍታ።
ሜዳችንን አጠረው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፤
ጎሉ በነበረበት ስንዴ ተደርድሮ
ዘበኛ ይጠብቀዋል፣ ውሻ ታስሮ።

ጣሂር ባጃጅ ያዘ፤ ሲወርድ ያነክሳል፤
በዚያው መንገድ ወጥቶ በዚያው ይመለሳል።
ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ
ያንን ስም ይጠራል አንገቱን አውጥቶ፦
«ጎበዜ! ጎበዜ! አንድ ሰው የቀረ!»
ያልከፈለው ሰው ስም እንጀራው ነበረ።

ስብሰባ ተጠራ።
ግማሹ ይነሣ፣ ግማሹ ተው ይላል፤
«ሊግ ያስገባን እሱ!» ሲል አንድ ሽማግሌ ይምላል።
መርየማ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከኋላ ተነሥታ፦
«የአሥራ አንዱን ልጅ ቁጥር የሰፋሁት በዱቤ ነው፣ ጌታ፤
እስካሁንም በዱቤ ነው።»
ቁጭ አለች። ዝምታ።

አንድ ወጣት ጮኸ፦ «የጣሂር ስም ይሁን!»
ጭብጨባ። ጣሂር ግን ቀና አላለም፤ ወለሉን
አየና «ተዉኝ» አለ፣ «ብረት ላይ አትስቀሉኝ፤
ዝናቡ ይመታኛል። ደሞዜን ብቻ ስጡኝ።»

መጨረሻው ያው ነው፤ ኮሚቴ ተሰየመ፤
የማንም ያልሆነ ስም ተመርጦ ታተመ፦
«የልማት ጎዳና»።
ማን ይጠላዋል? ማንስ ይወደዋል?
እንደ ሆቴል ፎጣ ለሁሉ ይሆናል።

መሰላሌን ይዤ ወጣሁ ማክሰኞ ለታ።
ክፍያውን ስጠይቅ፣ የማዘጋጃው ጌታ
«ነገ» አለኝ እሱም።
ቀለሜን በናፍጣ አቅጥኜ ቀባሁት፤
ስስ ነው፣ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ሠራሁት።
ያኛው ስም አልጠፋም፤ ረፋዱ ሲግል
«ጎ» ብቅ ትላለች በ«ል» እና በ«ማ» መሐል፤
ጥቁር፣ ወፍራም፣ ደረቅ፣
በደንብ የተከፈለባት ፊደል።

ከሥር ጣሂር ቆሟል፣ ሞተሩን አስነሥቶ፤
ዓይኑ ባዲሱ ስም ላይ ቆየ ተንከራትቶ።
«ልማት! ልማት!» አለ፣ እንደ ቀልድ ሞከረ፤
ማንም ዞር አላለም፣ ማንም አልተሳፈረ።
አንዲት ሴት ዘንቢሏን አውርዳ ጠየቀችው፦
«ልጄ፣ ይሄ ባጃጅ ወዴት ነው የሚሄደው?»
ጣሂር ወደኔ አየ፤ ጥቂት ተቸገረ፤
«ጎበዜ» አላት ቀስ ብሎ፣ «አንድ ሰው የቀረ።»