ሽምግልና በብልቃጥ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ በስተቸርችል በኩል፣
መስኮቴ አይዘጋም፤ እጀታው ተነቅሏል።
ታች የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ!» ሲጣራ፣
እኔ ደም እቆጥራለሁ፣ ስላይድ በተራ።
(አክስቴ መቁጠሪያ ያዝኩ ስላት
ሌላ መሰላት፤
«ጎሽ፣ ጸሎት ጀመርሽ» አለችኝ በስልክ።
አላረምኳትም።)

ቀጭ፣ ቀጭ ይላል ብረቱ፣ መቶ እስኪሞላ።
ይኼ የበሰለ ነው፤ ያኛው ገና ጥሬ፤
ባለፈው አሥራ ሁለት፣ ሰባ አራት ነው ዛሬ።

ብልቃጡ ላይ ስሙ በሲስተር ወይንሸት እጅ
ዘንበል ብሎ ተጽፏል፦ ደመላሽ አንለይ።

ስም እኮ ሸክም ነው።
አንለይ በድንበር ጠብ ሲወድቅ፣ በአንዲት የገብስ ትልም፣
ይኼ በእናቱ ሆድ ነበር፤ ያወቀ ማንም የለም
ወንድ ይሁን ሴት። ስሙ ግን ቀድሞት ተወልዷል፤
ጠመንጃው ምሰሶው ላይ ጡት እስኪጥል ጠብቆታል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው፤
ባላጋራውን ሳያገኝ የገዛ ደሙ ከዳው።

መጀመሪያ ድዱ ደማ፣ ኋላም ጎኑ ጠቆረ፤
ከደብረ ማርቆስ በሪፈር፣ ከእናቱ ጋር አደረ
እዚህ፣ ደረጃው ሥር፣ ካርቶን ላይ፣ አልጋ እስኪገኝ።
(አልጋ እንዴት እንደሚገኝ እኔን አትጠይቁኝ።)

ሲስተር ወይንሸት ክንዱን አስራ በጎማ፣
በጣቷ ስትዳብስ፣ እንደ ሰው በጨለማ፣
«ደም መላሹ ጠፋኝ» ትላለች።
እሱ ሳቀ። እናቱ አልሳቀችም፤ ዞር አለች።

ደም ባንኩ «ምትክ» ይላል፤ ሰው አምጡ ከቤት፤
አጎቱን ክብደቱ አንሶ መለሱት፤ ሌላ ዘመድ የት?
በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ መጣ፣
ሲሚንቶ የነካው ሸራ ጫማ፣
ከሳር ቤት፣ ከሕንፃ ሥራ፣ ፌሮ አሳሪ።
የአባቱን ስም ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
እናትየው ግን ሰማች።
ኮሪደሩ ዝም አለ፤ ወይም ለእኔ መሰለኝ፤
ኋላ ነው ወይንሸት የማን ልጅ እንደሆነ የነገረችኝ።

ሁለቱም ኦ ኔጋቲቭ። ብርቅ ነው፤ ለእሱ ተያዘ።
ከደመላሽ ውሃውን፣ ከልጁ ቀዩን ቆጥሬ፣
በአንዲት ብልቃጥ ጨመርኩ፤ ከሙቅ ውሃው አኑሬ
ጠበቅሁ። ካልተዋደደ ይቋጠራል፤ በዓይን ይታያል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ የተመላለሰበት፣
ቄስ መስቀል ይዞ ዋርካ ሥር የተቀመጠበት፣
አንዱ «ካሣ» ሲል ሌላው «ነፍስ» ያለበት ነገር
በአርባ አምስት ደቂቃ አለቀ፤ ያውም ያለ ምስክር።

መዝገቡ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፦
ይስማማል።
እጄ ትንሽ ቆየ። ፈረምኩ።

ማታውን ከረጢቱ ተሰቀለ፤ ጠብታ በጠብታ
የገዳይ ልጅ ደም መለሰ። እንግዲህ ይህ ውለታ
ነው ወይስ ዕዳ? እናትየው እግሩ ሥር ቁጭ ብላ
ቱቦውን ብቻ ታያለች፤ ያቀረቡላትን ሳትበላ።

በሳምንቱ ዶክተር ኢፍቱ ለጥናቷ ስላይዱን ወሰደች፤
«ስም አይገባም፣ ደንብ ነው» ብላ ቁጥር ሰጠች፦
ሰባ ሦስት።
ስሙን በነጭ ፕላስተር እኔው ሸፈንኩት፤
ትልሙም፣ ጠመንጃውም፣ የእናቱ ዝምታ
ከሥሩ ቀሩ፤ እንዲያ ቀላል ነው፣ አንድ ጣት ፕላስተር።

ሐሙስ ስድሳ አንድ ነበር። ጥሬው አሁንም ብዙ ነው።
ስለ ሰኞ የማውቀው የለም።
ነፋስ ስላይዶቼን እንዳይወስድ መስኮቱን በካርቶን ደገፍኩ፤
መቁጠሪያዬን
ወደ ዜሮ መለስኩ።