ከጣውላው ሥር

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤
እርጥብ ካልሲ፣ የተረሳ ድንች የመሰለው።
እህቴ ነጂባ አፍንጫዋን ይዛ
«አይጥ ሞቷል እዚህ ቤት!» አለች፣ በሩ ላይ ፈዝዛ።

አይጥ ፈለግን። ቁምሳጥን ገፋን፣ አልጋ አነሣን፤
ምንም። ሽታው ግን ማታ ማታ ተነሥቶ ቀሰቀሰን።

ቀጥሎ ጫማው። ለዒድ ብቻ የማደርገው፣
አረንጓዴ ጢም አብቅሎ አገኘሁት፣ ሻጋታ ሲልሰው።
ቀጥሎ ወለሉ። አባቴ የመታው የዋንዛ ጣውላ
በመስኮቱ በኩል ስንረግጠው እንደ በሰለ ሙዝ ላላ።

ጅማ ነው እንግዲህ። ዝናብ እዚህ እንግዳ አይደለም፣
የቤት ልጅ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ውጣ የሚለው የለም።
አዌቱ ሲሞላ ግድግዳው ያልበዋል፤
ጨው ዕቃው ውስጥ ያለቅሳል፣ ክብሪት አልጫርም ይላል።

ጎረቤት መከረ፤ ምክር መች ይቸግራል?
«በረኪና ድፊበት!» «ከሰል አንድጂበት፣ ያደርቀዋል!»
«ነቅለሽ ጣይውና ሊሾ አስደርጊ፣ ዘመኑም እሱ ነው!»
ደፋሁ። አነደድኩ። ከሂርማታ ቀለም ገዝቼ
ላዩን ቀባሁት፤ እንዴት እንዳማረው!
ውስጡን ለቄስ ይላሉ። የእኛ ቤት ውስጡን ግን
ቄስም ሼኽም አላየው፤
በሦስተኛው ሳምንት ቀለሙ አብጦ ተላጠ፣ አጋለጠን።

ራያ አባ መጫን ጠራሁ፣ አናጺውን፤
ጆሮው ላይ እርሳስ፣ አፉ ላይ ዝምታ የሰካውን።
አልጠየቀኝም። ጫማውን አወለቀ፤
ተንበርክኮ በጣቱ አንጓ መታ፣ መታ፣
ጆሮውን ለጠፈ፤ ራሱን ነቀነቀ።
«ወለሉ አይደለም የታመመው፤
ትንፋሹ ነው። የዚህን ቤት አፍ ማን ደፈነው?»

ሚስማሩ ጮኾ ወጣ። ሦስት ጣውላ ተነሣ።
ከታች የመጣው አየር እንደ ላብ ከበደን፤
አቧራ የለ፣ ብናኝ የለ፤ ረጥቦ የተኛ አበሳ።
አግዳሚው እንጨት ላይ፣ የተነደፈ ጥጥ መስሎ
ነጭ ሻጋታ ተኝቷል፣ ዘመድ እንዳለው ሰው ተደላድሎ።
ከጎኑ አንዲት ብይ፣ የወንድሜ የሙኒር፤
ስትጠፋ ሌባ ብሎ ክንዴን ነክሶኝ ነበር።

ራያ ወጥቶ ቤቱን ዞረው፤ በድንጋዩ መሠረት ጎንበስ ብሎ ቆጠረ፤
ስምንት የአየር ቀዳዳ። ስምንቱም በሲሚንቶ የተቀበረ።
ከአንዱ ዳር ሰማያዊ ጨርቅ ብቅ ብሏል፤
እኔ እንጂ እሱ አያውቀው፤
የአባቴ ቱታ ነው።

ያን ጊዜ ሙኒር አራት ዓመቱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይስላል።
አክስቴ፣ «ብርድ ነው፤ ከወለሉ ሥር ይገባል፣
የልጁን ደረት ይበላል» አለች።
አባቴ መልስ አልሰጠም። በሳፋ ሲሚንቶ አቡክቶ
በዝናብ ወጣ፣ እኔ ፋኖስ ይዤለት፤
አንድ በአንድ ደፈነ፣ ጭቃው ላይ ተደፍቶ።
ሙኒር ዳነ። አባቴ እስኪሞት
«ብርዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ይል ነበር፤
ማን ደፍሮ ይከራከርበት?

ደወልኩለት ለሙኒር፤ ሻይ ቅጠል ጭኖ በደሌ ላይ ነው።
ሳቀ። «እኔማ የዳንኩት በመርፌ ነው።»
ጥቂት ቆይቶ፣
«እጁን ግን ሲሚንቶው በልቶት ነበር» አለኝ፣
«ትዝ ይልሻል?»

ራያ በመሮ ሲፈልጥ ሰባቱ እንደ ብስኩት ፈረሱ፤
ስምንተኛው ሙሉውን ወጣ፤
አምስት ጣት ታትሞበት፣ ያባቴ፣ የራሱ።
«ይጣል?» አለኝ። ዝም አልኩ።
የበሰበሰውን ቆረጠ፣ አዲስ ዋንዛ ተካ፤
ኖራ በተነ፤ ለአይጥ፣ ቀዳዳው ላይ፣ ወንፊት ሽቦ ለካ።
«ሦስት ቀን በር እንዳትዘጊ» ብሎ
እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ሄደ።

ዝናቡ አላባራም። ቀዳዳዎቹ ያፏጫሉ፤
ከእግሬ ሥር ቀዝቃዛ አየር ይመላለሳል፤
ወለሉ እየደረቀ ሌሊት ሌሊት ቋ፣ ቋ ይላል።
በሩ ግን ንፋስ በመታው ቁጥር ይዘጋል።
ያችን የሲሚንቶ ጉማጅ ከደጅ አምጥቼ
ከሥሩ አደረግኋት።
ክፍቱን ያዘችው።