ተጠባባቂ

ዲግሪዬ ሦስት ዓመት በላስቲክ ተጠቅልሎ
ከፍራሽ ሥር ተኛ፣ እንደ እኔው ሥራ ፈት፣ እንደ እኔው ተጥሎ።
ሰበታ መናኸሪያ፣ ከማስታወቂያው ላይ፣
"ልምድ፦ ሁለት ዓመት" ይላል ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ።
"ዋና ሳትለምጂ ወንዝ አትግቢ" አሉኝ፤
ከወንዝ ሌላ የት ነው ዋና የሚያስለምዱኝ?

እንዲህ ነው የሄድኩት፤
ስድስት ሳምንት ሥልጠና፣ ቅዳሜና እሑድ፣
ከወጨጫ ግርጌ፣ ሱባ ጫካ ድረስ፣ በጭቃ መንገድ።
አሥራ አራት ነበርን፤ ዘጠኙ ባለ ዲግሪ፣
አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ አንዷ ፀጉር ሠሪ።

አሠልጣኛችን ጋሽ ጉርሜሳ ቶላ
መጽሐፍ አልያዙም፤ ዱላ ብቻ፣ ዱላ።
ፋንድያ ፊት አቁመው "የምን ነው?" ሲሉ
በላቲን መለስኩኝ፣ የድኩላውን ስም ከነ ሙሉ ቃሉ።
"እሱስ ይሁን" አሉ፣ በዱላቸው ጫፍ ፈረካክሰው፣
"መቼ ነው ያለፈ? ወዴት ዞረ? ብቻውን ነው?"
ዝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጉልበት ነው፤ ቁስል ማሰር፣
ቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት መሻገር፣
የምሳርን ድምፅ ከማሚቶው መለየት፣
ከገደል ማዶ ሲመታ እዚህ የሚመስለውን ውሸት።
ደግሞ ሪፖርት መጻፍ። "ብዙ ዛፍ ተቆርጧል" አይባልም፤ ስንት?
ጥዱ ስንት፣ ወይራው ስንት፣ ጉቶው እርጥብ ነው ደረቅ፣ በየት?

ማታ ቤት ስገባ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ፣
"ዛሬስ ምን ተማርሽ?" ትላለች እናቴ።
"ፋንድያ።"
"እሰይ! ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ?" ሳህን እያጠበች፣
"ዘበኛማ ባባትሽ ይበቃን ነበር" አለች።
አባቴ ዝም ብሎ ካፖርቱን ደረበ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ዓለም ገና፣ ብስኩት ፋብሪካ፣
ከአንድ የብረት በር ፊት ሌሊትን በእርምጃ ሲለካ።

አራት ሰው ነበር የሚፈለገው።
ሶሬቲ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ አንደኛ ወጣች፤
ጉቶ ስትቆጥር አንድም አልሳተች።
እኔ አምስተኛ።
ጠባቂ ልሆን ሄጄ
ተጠባባቂ ተባልኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ስልክ ጮኸ፤ ካራቱ አንዱ ቀርቶ ኖሮ፤
"ሰኞ ትመጪያለሽ?"
"አዎ!" ብዬ ጮኽኩ፣ ዝናቡን በልጬ፣ ያንን ቆርቆሮ።

እሑድ ማታ አባቴ የእጅ ባትሪውን አመጣ፣
አንገቱ በፕላስተር የታሰረውን።
"እኛ በር ላይ መብራት አለ፤ ውሰጂው" አለኝ።
"ጫካው አጥር አለው?"
"የለውም።"
"በርስ?"
"የለውም።"
ቆሞ የኖረበትን ጉልበቱን እያሸ፣
"ታዲያ የት ትቆሚያለሽ?"
"አልቆምም አባዬ፤ እሄዳለሁ።"

መልስ አልሰጠኝም።
ከበሩ ጥግ ቦቲዬን አነሳና
አሮጌውን ክር ፈትቶ አዲስ አስገባለት፣
ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ፣
ጠበቅ፣
ጠበቅ አድርጎ።