ሦስት መቶ ስልሳ

እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ የተረተ፣
በሜደርቤክ አውዲ መቼ ተሳፍሮ፣ መቼ ተንከራተተ።

ከኮችኮር ተነሥቶ ናሪን እስኪደርስ፣
ዶሎንን ሊሻገር ሽቅብ ሲገሰግስ፣
አሥራ ሁለት ትሪ ደርድሮ ከኋላ፣
ሠላሳ ሠላሳ፣ ጥግ እስከ ጥግ ሞላ፤
ኮረኮንቹ ሲያነጥር፣ ጉድጓዱ ሲያላጋ፣
ወንበሩ ከወገቡ ጋራ ሲዋጋ፣
«ጓ!» ይላል ከሥሩ፤ ጥርስና ጥርስ ይጋጫል፤
ናሪን ላይ የሻይ ቤቷ ሴት ትቆጥራለች፤ ቢጫው ይፈሳል።
ሰኞ አርባ ስባሪ፣ ሐሙስ ሃምሳ ሲደርስ፣
«እኔ ያዘዝኩህ እንቁላል ነው» አለችው፣ «አላዘዝኩህም ጥብስ።»

ፊተኛው መካኒክ፣ ታላይቤክ የሚሉት፣
የመኪናውን ጥግ ጫን ጫን አድርጎት፣
«አሞርዛተር ሞቷል» ብሎ ፈረደበት።
አራት አዲስ ተገዛ፣ ሁለት ሙክት ተሸጦ፤
አውዲው ግን ባሰበት፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ እንደ በቅሎ ረግጦ።
ሁለተኛው ሞላውን አማ፣ ሦስተኛው መሪውን፤
ጎረቤቱም ሳይጠየቅ ለገሰው ምክሩን፦
«ጎማህን ንፋው እስኪወጠር ድረስ፣
ጠጣር ጎማ ቤንዚን አይቀምስ።»
ነፋው።
ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፤
የሰው ምላስ ነፋ፣ የሱ ወገብ ታማ።

አይጃርክን ትባላለች።
አሮጌ የባቡር ፉርጎ ነው ጋራዧ፣ ከወንዙ ዳር፤
እጇ ግራሶ፣ አንገቷ የሱፍ ሻርብ፣ ወሬ የማትጀምር።
ክሪክ አላነሣችም። ቁልፍ አልጨበጠችም።
«እንቁላሎቹን አሳየኝ።»

ትሪዎቹን ዘረጋቻቸው በረዶው ላይ፣
እንደ ተጫኑበት፣ የታቹን ከታች፣ የላዩን ከላይ፤
ጎንበስ ብላ፣ ካርታ እንደሚያነብ ሰው፣ አየች፤
«ስባሪው ሁሉ በግራ ጥግ ነው» አለች፣
«ከኋላ። አንተ ወገቤን ወገቤን ስትል፣
እነሱ ቦታውን ነግረውሃል።»

ጎማውን ለካች፦ ሦስት ተኩል። ሳቀች።
ፍስስስ... የጎረቤቱን ምክር ከውስጡ አወጣች።
«ይሄ ግማሹ ነው።»
አውዲውን ጉድጓዱ ላይ አቁማ ከሥሩ ወረደች።

የባትሪዋ ብርሃን ብቻ ይታያል።
ሜደርቤክ ከላይ ቆሞ የገዛ ትንፋሹን ያያል።
ሞላውን ከአናቱ የሚደግፈውን ጎማ፣
እንደ ከረመ ዳቦ ፈርፍሮ አገኘችው፤
ብረት ነው ለካ እስከ ዛሬ ብረትን የመታው።

ከዚያ ዝም አለች። ሌላም ነገር ነበር።
«ይህን ቡሎን ማን አጠበቀው?»
«ታላይቤክ።»
«መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ?»
«እንዴታ።»

«አየህ» አለች ብቅ ብላ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣
«ጎሚኒ የዋህ ነው፤
ያሰርክበትን ቦታ ቤቴ ነው ይላል።
እግሩ ተንጠልጥሎ በአየር ላይ ካሰርከው፣
መሬት ባወረድከው ቁጥር ይጠመዘዛል፤
ወደ ተንጠለጠለበት ልመለስ ብሎ ይታገላል።
መንገዱን አልጠላም።
መቆሙን ነው ያልነገራችሁት።»

ማረፊያውን ተካች። ቡሎኑን አላላችው፤
አውዲውን ወደ ክብደቱ መለሰችው።
ትሪዎቹን አስጫነች፣ ደኅናውን ከስባሪው፤
«አንተም ግባ» አለች፣ «ወፍራም ነህ፣ ትጠቅማለህ።»
ገባ። ወንበሩ ጮኸ።
ሸክሙ ሁሉ በየቦታው ተቀምጦ ሲያበቃ፣
ያን ጊዜ አጠበቀች፣ ቀስ እያለች፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ።

ስንት ነው ሲላት የጎማውን ዋጋ ብቻ ጠራች፤
የሙክቶቹን ነገር ሲያነሣ ግን ወደ ወንዙ ዞረች።

ሐሙስ፣ ዶሎን ጫፍ ላይ ሞተሩን አጠፋ፤
ነፋሱ ብቻ ነው በጆሮው የነፋ።
ከፈተ። ቆጠረ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ፣ ሦስት መቶ ስልሳ።
እንደገና ቆጠረ፤ አንዷን ብቻ አነሣ።
ተሰንጥቃለች።
ገልበጥ አድርጎ አያት፤ ስንጥቋ ላይ ላባ ደርቆ ተጣብቋል።

«ይቺን ዶሮዋ ትጠየቅ» አለ፣ ኪሱ እየከተታት።