ሽማግሌ የማይላክበት ገበያ

ጥፋቴ ሄርማታ ቢሆን፣ በሐሙሱ ገበያ ላይ፣
አጎቴ አባ ቡልጉ ይደርሳል፣ ፀሐይ ሳትታይ፣
ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣
ከዘራውን መሬት ተክሎ፤
"ልጅ ናት፣ እለፏት" ብሎ፣
ነገሩ እዚያው ይበርዳል፣ በአንድ ምርቃት ተጠቅልሎ።

የኔ ገበያ ግን ስልኬ ውስጥ ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣
ደጁን አላውቀው፣ ዘበኛውን አላውቀው፣
ዳኛው ማን እንደሆነ ጠይቆ ማንም አላወቀ።
አንድ ማለዳ ብቻ፣
"አካውንትዎ ታግዷል" ይላል፤ አለቀ።

የተማም ሱቅ እንዲህ ነው የተዘጋ።
አንድ ገዢ ከቢሾፍቱ ጻፈለት፦ "ኮሚሽን ለምን ይብላን፣ ሰው ከሰው ጋ?
ቁጥርህን ላክልኝ፤ በስልክ እንቁረጥ ዋጋ።"
ተማም ላከ። አሥር አኃዝ፣ ከዜሮ እስከ ሰባት፤
በዚያች ሌሊት ጠፋች ሱቂቱ፣ አራት ዓመት የለፋባት።
አሥራ አራት በርጩማ ቀረው፣ ከአንድ አንድ ግንድ የተፈለፈለ፣
ጎረቤት እየተቀመጠበት፣ ሕፃን እየተንከባለለ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴን ግን ሙያ አደረግኩት።
ዋንዛ ካልሆነ ዋንዛ አልልም፤ ስንጥቁንም ከነስንጥቁ አነሣሁት፣
በመስኮቱ ብርሃን፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ፣
ከልኩ ገዝፎ እንዳይታይ፣ ማዕዘኑን መርጬ።
"አንድ ብቻ ቀርቷል" አልልም፣ ሦስት ቆሞ ከኋላዬ፤
"አምስት ኮከብ ስጡኝ" አልልም፣ ዘመድ ወዳጄን ጠርቼ ተጣርቼ በደጃፌ፤
እናቴ እንኳ "እኔ ላሞግስሽ" ብላ መነጽሯን ስታደርግ፣
ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ፣
እየሳቅሁ፣ ግን ወሰድኩ።

ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ጅማን ሌት ተቀን ሲደበድብ፣
ጊቤ በረሃ ላይ ናዳ ወርዶ መኪናው ሲደረደር፣ ሲገደብ፣
"በሁለት ቀን ይደርሳል" የሚለውን ሰርዤ "ስድስት" እላለሁ፤
ገዢ ቢሸሽ ይሽሽ፤ የቀረ ገዢ ካኮረፈ እንደሚሻል አውቃለሁ።
ኔትወርኩ ሲጠፋ ጃንጥላ ይዤ አጂፕ ድረስ እወጣለሁ፣
"ትእዛዝዎ ደርሶኛል፣ ነገ ይነሣል" እላለሁ።
ጭቃ የበላው ጫማዬ በኮከብ አይቆጠርም።

ትናንት ማታ ተማም መጣ፣ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዞ፤
ብዙ ተቀመጠ፣ ብዙ ሳለ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተክዞ።
"ረውዳ፣" አለኝ፣ "ስልክሽን አውሺኝ፤ ለአሥር ደቂቃ።
በእናቴ ስም ሌላ ልክፈት፤ እጄን አጣጥፌ መዋል ሰለቸኝ፣ በቃ።"

ተማም ነው ዋጋ መተመን ያስተማረኝ፣
መጀመሪያ የሸጥኩ ቀን ከኔ በላይ የጨፈረልኝ።
ገበያው ግን ስልክን እንደ ውሻ በጠረኑ ይለያል፤
የታገደ ሰው የገባበት ቤት፣ ቤቱም አብሮ ይታገዳል።
እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ ከኔ ጋር አባ ቡልጉ፣
ከኔ ጋር ሁለቱ ጠራቢዎች፣ ለልጆቻቸው የመስከረም ደብተር የሚፈልጉ።

"አይሆንም" አልኩት።
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከእርጥብ ግንድ ይልቅ ከበደኝ፤
ይሉኝታ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ አጎበጠኝ።
ተማም ዝም አለ።
ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ።

"ይልቅ ደብዳቤ እንጻፍ" አልኩ። እሱ ሲጨምር፣ እኔ ስሰርዝ፣
"ድሃ ነኝ" የምትለዋን ሦስቴ ሳጠፋ፣ ሦስቴ መልሶ ሲመዝዝ፣
እኩለ ሌሊት ላይ የተረፈን ይቺው ነበረች፦
"ቁጥሬን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሕጉን ዛሬ አነበብኩት። አልደግመውም።"
ላክነው። መልስ የለም።
ከዘራ የተከለ የለም፤ "ልጅ ነው" ያለም የለም።

ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ ሄድን፣ ሁለት በርጩማ በካርቶን፤
እሱ ገመዱን ሲያጠብቅ፣ እኔ ደረሰኙን በፎቶ ሳስቀረው፣ ብርዱ እየጠበሰን።
"የላኪ ስም" የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ፤
"ረውዳ" ብሎ ጻፈ።
እጅ ጽሑፉ ግን የተማም ነበረ።